ሁለት ቡችሎች በገቡበት ግቢ

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይላል ተረቱ። የሀብሩ ቆላ አርሶ አደር ግን ይህን ተረት በሙሉ ልቡ የሚቀበለው አይመስልም። ማሽላው እሸት ሲደርስ ቀን ከዝንጀሮና ከጦጣ፣ ሌሊት ከከርከሮና ከጃርት ጋር የሚሟገተው ውሻውን ይዞ ነው። ወንጭፉ ማማ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ከማማው ሥር ያለውን ጨለማ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ፍየሎች በበረት ሲያድሩም የጅቡን ኮቴ ከሰው ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ሀብሩ በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር የምትዋሰን የሰሜን ወሎ ወረዳ ናት። በደቡብ የሚሌ ወንዝ ከደቡብ ወሎ፣ በሰሜን የአላውሃ ወንዝ ከቆቦ ይለያታል። ዋና ከተማዋ መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ መንገደኛ የሚያውቃት በማንጎዋና በሌላው ፍራፍሬዋ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ መስመር፣ በመርሳና በወልድያ መካከል ነው። ማሽላ፣ ጤፍ፣ ፍየልና ከብት ባለበት በዚህ አካባቢ ውሻ የማይታይበት የገበሬ ግቢ እምብዛም አይገኝም። በግብርና ውይይቶች ላይ ግን ስለ በሬው፣ ስለ ላሟና ስለ ዶሮዋ ብዙ ሲባል ስለ ውሻው የሚነሳው አንድ ሰው ከተነከሰ በኋላ ነው።

ውሻ ወደ ቤት የሚመጣው በአብዛኛው በነፃ ነው። የጎረቤት ውሻ ትወልዳለች፣ ቡችሎቹ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ከዚያ «አንድ ውሰዱልኝ» ይባላል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ይወስዳል፤ አንዱ ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ እንዳያላዝን፣ ወይም አንዱ ለቤት ሌላው ለማሳ ይሆናል በሚል። ስም ለማውጣት የሚሽቀዳደሙት ልጆች ናቸው። ከተማ ቀመስ ከሆኑ ቦቢና ጃክ ይላሉ፤ የቤቱ አባወራ ካወጣው ግን ስሙ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ሊሆን ስለሚችል ውሻው በተጠራ ቁጥር አጥር ማዶ ያለው ሰው ጆሮውን ያቆማል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቡችሎቹ ግቢውን ለመዱ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው የአንዱ ልጅ ጫማ ነው። ቀጥሎ የጠፍር አልጋው ጫፍ ተበልቶ ይገኛል። ከዚያ አርሶ አደሩ ጠዋት ቀንበርና ሞፈሩን አንስቶ ሊወጣ ሲል ምራኑ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ያየዋል። ለምን ምራን? ከቆዳ የተሠራ፣ ላብና ጮማ የጠጣ፣ ሲያኝኩት የሚሳብ በመሆኑ ለቡችላ ከዚህ የተሻለ መጫወቻ የለም። በእርሻ ወቅት የአንድ ጠዋት ሥራ የሚያስተጓጉል ጥፋት ስለሆነ ቡችሎቹ የመጀመሪያውን ዱላ የሚቀምሱት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ዱላው ግን አያስተምራቸውም። የሚያኝኩት ጥርስ እያወጡ ስለሆነ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ ከሦስተኛው ወር መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ እየረገፉ በስድስትና በሰባት ወር ዕድሜው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በእነዚህ ወራት ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። መፍትሔው ምራኑንና ጠፍሩን ከፍ አድርጎ መስቀልና በምትኩ የሚያኝከው ነገር መስጠት ነው፤ ያረጀ የገመድ ቋጠሮ ወይም ወፈር ያለ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ሲሰበር እንደ ስንጥር ስለሚሾል አንጀት ይወጋል። ጥፋት ከተፈጸመ ከሰዓት በኋላ መምታት ደግሞ ቡችላው የሚረዳው ቅጣት አይደለም። ምራኑን የበላው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የተመታው አባወራው ሲመጣ ነው። ስለዚህ የሚማረው ከአባወራው መሸሽን ነው። ይህ መሸሽ በኋላ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ እንመለስበታለን።

እናቶችን የሚያስመርረው ሌላ ነው፤ ዶሮዎቹና ማጀቱ። አንዱ ቡችላ ጫጩት ሲያባርር ሌላው ዶሮዋ የተነሳችበትን ጎጆ ይፈትሻል። አንድ ጊዜ እንቁላል ሰብሮ የላሰ ቡችላ ጣዕሙን አይረሳም፤ ስለዚህ የመጣያ ጎጆውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ቡችላውን ሙሉ ቀን ከመጠበቅ ይቀላል። ሊጥም እንዲሁ ነው። ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ ቡሃቃ ለሁለት ቡችሎች ግብዣ ነው። የሊጡ መበላሸት ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ እርሾ ያለበት ሊጥ በቡችላው ሆድ ውስጥ ሙቀት አግኝቶ ይነፋል፣ አልኮልም ይፈጥራል። ሆዱ የተወጠረና እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ቡችላ የታየበት ቤት በመጀመሪያ ቡሃቃውን ቢያይ ጥሩ ነው። ሽንኩርት የበዛበት ወጥም ለውሻ ደም አይስማማም። አጓት፣ ቂጣ፣ ትርፍራፊ እንጀራና በደንብ የተቀቀለ የሥጋ ቁርጥራጭ ይበቃዋል። እስከ አራት ወር ዕድሜው በቀን ሦስቴ ወይም አራቴ ጥቂት ጥቂት፣ ከስድስት ወር በኋላ ጠዋትና ማታ ቢሰጠው በቂ ነው። የራበው ቡችላ ሌባ ይሆናል፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሁለት መሆናቸው ጥፋቱን በሁለት ብቻ አያባዛውም። አብረው የሚያድጉ ቡችሎች እርስ በርስ ይተያያሉ እንጂ ሰው ምን እንዳላቸው ብዙም ግድ የላቸውም። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይከተላል፤ አንዱ አጥር ሲዘል ሌላው ቀዳዳ ይፈልጋል። በአንድ ሳህን ሲመገቡ ጠንካራው ይወፍራል፣ ደካማው ይከሳል፣ ሲያድጉም በምግብ ላይ ክፉኛ ይናከሳሉ። ስለዚህ ሳህኑን መለየት፣ በቀን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን አንዱን ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሽ፣ ሌላውን ከአባወራው ጋር ወደ ማሳ መውሰድ ይጠቅማል። ደግሞም ቡችላ የቀኑን ብዙ ሰዓት ይተኛል። ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው የቀሩት ሰዓታት ጥፋት ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ሥራ ከተሰጠው ጥፋቱ ይቀንሳል።

ሥራ ሲባል ደግሞ ጥበቃ ነው። ውሻ ከእንስሳት ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከሦስት እስከ 16 ሳምንት ዕድሜው ነው። በዚህ ጊዜ ከፍየልና ከበግ ጋር የዋለና ያደረ ቡችላ መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ይቆጥራል። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከቱርክ ዝርያ የመጡ የመንጋ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች ያከፋፍላል። ቡችሎቹ ገና በትንሽነታቸው ከበግና ከፍየል ጋር እንዲያድጉ ስለሚደረግ፣ ውሾቹን የወሰዱ ገበሬዎች በአውሬ የሚደርስባቸው ኪሳራ ከ80 በመቶ በላይ መቀነሱን ይናገራሉ። የእኛ አገር ውሻ በአካል ያን ያህል አይገዝፍም። ከጅብ ጋር ይተናነቃል ተብሎም አይጠበቅም፤ ጮኾ ሰው መቀስቀሱ ይበቃል። ግልገል የሚያሳድድ ቡችላን ከመንጋው ማባረር የተለመደ ቢሆንም የሚሻለው በአጭር ገመድ አስሮ፣ ቆጣ የምትል አንዲት እናት ፍየል ባለችበት በረት አጠገብ ማዋል ነው። ትምህርቱን በቀንዷ ትሰጠዋለች።

በሀብሩ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ይኖራል፤ በሁለቱም ቤት የውሻ ቦታ ደጅ ነው። በእስልምና ውሻ ለመንጋ፣ ለአደንና ለእርሻ ጥበቃ መያዝ የተፈቀደ ሲሆን የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንዲታጠብ ሐዲሱ ያዛል። በክርስቲያኑም ዘንድ ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። ይህ ሥርዓት ከጤና አንጻር ሲታይ ጥሩ ጎን አለው፤ ሳህን ለይቶ የኖረ ቤት ከብዙ ጥገኛ ትል ይድናል። ደጅ ማለት ግን ያለ ጥላና ያለ ውሃ ማለት አይደለም። የሀብሩ ፀሐይ ለታሰረ ቡችላ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሁለቱ ቡችሎች ጋር የሚውሉት ልጆች ናቸው፤ ጨዋታውም መናከስ ነው። የቡችላ የወተት ጥርስ እንደ መርፌ የሾለ ስለሆነ በጨዋታ መሀል የልጅ ጣት ይጫራል። ልጁ ቡችላው እንዳይመታበት ወይም ራሱ እንዳይቆጡት ስለሚፈራ ለወላጅ አይናገርም። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም። ቡችሎቹ ቀን መንገድ ላይ የውሻ መንጋ ገጥሟቸው በአንዱ በታመመ ውሻ ተነክሰው ከሆነ ግን ያቺ ጭረት የሞት ምክንያት ልትሆን ትችላለች።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚገድል ይገመታል፤ በኢትዮጵያም ቁጥሩ በዓመት 2 ሺህ 700 ገደማ እንደሚደርስ ግምቶች ያሳያሉ። ለሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ሲሆን፣ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው፤ በሳምንት የሚታይበት፣ ከዓመት በኋላም የሚከሰትበት ጊዜ አለ። በመካከሉ ቁስሉ ይደርቃል፣ ነገሩ ይረሳል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

የተነከሰ ሰው ቤት መጀመሪያ መደረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ቫይረሱ በውጭ በኩል ቅባታማ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ቅቤ፣ አመድ፣ በርበሬ መቀባት አይጠቅምም፤ ያባብሳል። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ቀድሞ ለበርካታ ቀናት በሆድ ላይ ይወጋ የነበረው ክትባት ያስፈራቸው ሰዎች ዛሬም ስሙን ሲሰሙ ይሸሻሉ። የአሁኑ ክትባት ግን በክንድ ላይ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ጭንቅላትና ፊት አካባቢ ከሆነ ቁስሉ ላይ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ። ወደ ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ክትባቱ ግን እስኪመለሱ አይጠብቅም። የባህል መድኃኒት ቀምሶ «ዳንኩ» ያለ ሰው በብዙ አጋጣሚ የነከሰው ውሻ ከመጀመሪያውም ያላበደ ነበር።

የነከሰውን ውሻ ወዲያው መግደልም ልማድ ሆኗል። ውሻው ለሌላው ሰው አስጊ ካልሆነ አስሮ ለአሥር ቀን መከታተል ይሻላል። ቫይረሱ በምራቁ ላይ ከወጣ ውሻው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም፤ በአሥረኛው ቀን ደህና ሆኖ ከበላና ከጠጣ በነከሰበት ቀን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህ ማለት የተነከሰው ሰው አሥር ቀን ይጠብቅ ማለት አይደለም፤ ክትባቱ ይጀመርና የውሻው ሁኔታ ሲታወቅ ሐኪሙ ይወስናል። መግደል ግድ ከሆነ ጭንቅላቱን በዱላ አለመፍጨት ያስፈልጋል፤ ምርመራ የሚደረገው ከአንጎሉ ነው።

ቀንድ ከብቱም አይቀርለትም። በታመመ ውሻ የተነከሰች ላም ስታገሳ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ ልጋጓ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅታታል። አርሶ አደሩ «አንድ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል» ብሎ እጁን ወደ አፏ ይሰዳል። ይህን ማድረግ የለበትም። እንዲህ የምትሆን ላም ከታየች ለብቻ አስሮ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር፣ ወተቷን አለመጠጣት፣ ሥጋዋንም ለሰውም ለውሻም አለማቅረብ ነው።

ቡችሎቹ የሚያመጡት ሌላም ጣጣ አለ፤ በግ አርቢው የሚያውቀው አዙሪት። በጉ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ በኩል ይዞራል፤ ይከሳል፤ ይታረዳል። ጭንቅላቱ ሲፈለጥ አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ያ ጭንቅላት ለውሻ ሲወረወር ከረጢቱ ውስጥ ያሉት የትል እጮች በውሻው አንጀት ያድጋሉ፣ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል፣ ሌሎች በጎች ይግጡታል። በውሻ አማካይነት የሚዞር ሌላ ትል ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል፤ የዚህ መነሻ ለውሻ የተጣለ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ነው። በአረፋ፣ በመስቀልና በፋሲካ ማግስት ሰፈሩ ውሻ በውሻ የሚሆነው ለዚህ ነው። የታመመ አንጎል፣ ጉበትና ሳንባ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለቡችሎቹም የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት ያስፈልጋል፤ መጠኑን በክብደታቸው ልክ የሚወስነው የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነው።

ለወረዳ አመራሩ የሚተርፈው ጥያቄ ክትባት የሚጎድለው የት ላይ ነው የሚለው ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። በየዓመቱ የሚባለው ውሻ ቶሎ ስለሚተካ ነው። አንዲት ውሻ ሁለት ወር ያህል አርግዛ በአንድ ጊዜ በርካታ ቡችሎች ትወልዳለች፤ የተከተቡት አሮጌዎቹ ይሞታሉ፤ በዘመቻው ማግስት የተወለዱት ያለ ክትባት ያድጋሉ። በመሆኑም ዘንድሮ 70 የነበረው ከዓመት በኋላ እጅግ ዝቅ ይላል። እነዚህ ምራን የሚበሉ ሁለት ቡችሎች ከዘመቻው መዝገብ ውጭ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። «ገና ሕፃን ናቸው» ተብለው ከዘመቻ ጣቢያ መመለሳቸውም ትክክል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዘመቻ ጊዜ ከሦስት ወር በታች ያሉትም እንዲከተቡ ይመክራል። በሕፃንነቱ የተከተበው በሚቀጥለው ዓመት ይደገምለታል።

ሌላው እንቅፋት ውሻውን መያዝ ነው። ከላይ የተነሳው የዱላ ነገር እዚህ ይመጣል። ከባለቤቱ እጅ መሸሽን የተማረ ቡችላ በዓመቱ በክትባት ቀን የሚይዘው ሰው አይገኝም። ባለሙያው መርፌውን ይዞ ይቆማል፣ አባወራው «ና ና» ይላል፣ ውሻው በማሽላው መሀል ይጠፋል። በተቃራኒው ከሁለት ወሩ ጀምሮ አንገቱ ላይ ለስላሳ ገመድ የለመደ፣ አፉን፣ ጆሮውንና እግሩን ልጆች የነካኩት ቡችላ በሁለት ደቂቃ ተከትቦ ይሄዳል። በዘመቻ ቀን ውሻ ይዘው የሚመጡት ልጆች መሆናቸውን ላስተዋለ፣ ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከትምህርት ቤት ነው።

ቆላ በመሆኑ የማቀዝቀዣ ጉዳይም ይነሳል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በጠፋበት ቀበሌ ይህ ቀላል አይደለም። በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት አንድ ዓይነት የውሻ ክትባት በ25 ዲግሪ ለስድስት ወር፣ በ30 ዲግሪ ለሦስት ወር ቆይቶም የመከላከል አቅሙን እንዳላጣ አሳይቷል። ይህ ማንኛውንም ክትባት በኪስ ይዞ ለመዞር ፈቃድ አይደለም፤ ወረዳዎች ግዢ ሲጠይቁ የትኛው ዓይነት ሙቀት እንደሚቋቋም ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው።

በከተሞች ውሻን በመርዝ ማስወገድ እንደ መፍትሔ ይወሰዳል። ወልድያም ሆነ መርሳ ቄራና ቆሻሻ መጣያ እስካለ ድረስ የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል። መርዙ ደግሞ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ አሞራውንም ይገድላል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ አማካይነት ለሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር የሆነችው ከ1990 ጀምሮ ውሾችን በነፃ በጅምላ በመከተብ ነው። በአገራችንም ውሻን ያለ ክትባት መተው የሚያስከትለው ጉዳት በባሌ ተራሮች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከቤት ውሾች የተነሳ ወረርሽኝ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ከ500 በታች እንደቀሩ ከሚነገርላቸው ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ የሚኖሩት በሰሜን ወሎው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ነው። ደጋ የወጣ እረኛ የሚያስከትለው ውሻ የእነሱም ጉዳይ ነው።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረው ሴፕቴምበር 28፣ ሉዊ ፓስተር በሞተበት ዕለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው፤ ሰው ሁሉ ቀዬው የሚሰበሰብበት፣ የእርድ ትርፍ የሚበዛበት፣ ቡችሎቹም የሚጠግቡበት ሳምንት። ለክትባት ዘመቻ የሚሆን ቀን የሚፈልግ ወረዳ ይህን ቢያስበው ይመቻል። አርሶ አደሩ ግን ዘመቻ መጠበቅ የለበትም። ሁለቱን ቡችሎች ሦስት ወር ሲሞላቸው በአቅራቢያው ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ፣ የተሰጠውን የክትባት ካርድ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር ማስቀመጥ፣ አንዱን ለጎረቤት ከሰጠም ካርዱን አብሮ መስጠት ነው።